በዓል የሚያከብር ድረ ገጽ

እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ደምለው ደግሞ ሰው የሚያስቆጣ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተን ስንኖር ዓመታት አለፉ። እኔ በዚህ በኩል ስልክ እጠግናለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ለሚፈልግ ሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ። እሳቸው በዚያ በኩል በር ይሠራሉ። አልጋና ቁም ሣጥንም ከእጃቸው ይወጣል፤ ሥራቸውን የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ ግን "በር ሠሪ ነኝ" የሚል ብቻ ነው። የእሳቸው መጋዝ ሲጮህ ደንበኛዬ የሚለኝ አይሰማኝም። የእኔ ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ እሳቸው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ይደበድቡታል።

ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍተው ይዘጉታል። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርግ ቤትም ይሁን ልቅሶ ቤት ለውጥ የለውም። አንድ ቀን ባንክ ውስጥ እንዲህ ሲያደርጉ ጥበቃው ጠርጥሮ ያዛቸውና እኔ ነኝ ሄጄ "ኧረ ሰውየው በር ሠሪ ናቸው" ብዬ ያስለቀቅኋቸው። ሲወጡ ማመስገኑን ትተው "ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል" አሉኝ።

ሌላው ጠባያቸው በዓል አክባሪነታቸው ነው። እሑድ መጋዝ አይነካም። ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ ወልድ ሲሆኑም አይነካም። በእነዚያ ቀኖች ደንበኛዬ የሚለኝ በደንብ ስለሚሰማኝ፣ እስላም ብሆንም በዓሎቻቸውን ከእሳቸው እኩል እወዳቸዋለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ ገቡ፤ በሬን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ፤ "አዝምሟል" አሉና ተቀመጡ።

"ፋኢዛ፣ ያ አንች የምትሠሪው የሰው ገጽ፣ ለእኔም ይሆናል?"

"ምን ያደርግልዎታል? የያዙትን ሥራ መች ጨረሱና?"

"ለደንበኛ አይዶለም። ለአካለ ወልድ ነው።"

ይህን ስም ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየውን አይቼው ባላውቅም ስሙን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አጎቴ አብዱልቃኒ ጉንደ ወይን ላይ እህል ነጋዴ ነበር። ቤቱን ሲያሠራ የፊቱን በር የሠሩለት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ ደምለውና አካለ ወልድ። ሙያውን አብረው የተማሩ፣ ከከተማ ከተማ አብረው የሚዞሩ፣ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ነበሩ። በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ነው። የግራውን ክንፍ አካለ ወልድ ቀረጸው፣ የቀኙን ደምለው። አካለ ወልድ ግራኝ ስለሆነ የእሱ ሐረግ ወደ አንድ ወገን፣ የጓደኛው ሐረግ ወደ ሌላው ይጠመዘዛል፤ በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ሐረጎች መሐል ላይ ይገጥማሉ። እኔ አጎቴ ቤት በሄድሁ ቁጥር ጣቴን በዚያ ሐረግ ላይ እያስኬድሁ ነው ያደግሁት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የአካለ ወልድ እናት ታመሙና ወደ ደብረ ኤልያስ ሄደ። እናቱ ድነው ሲመለስ በሩ ተገጥሞ ቆሟል። ከላይ ጉበኑ ላይ "ደምለው ሠራው" ተብሎ ተቀርጿል። አካለ ወልድ ቀና ብሎ አነበበ። ከዚያ መሣሪያውን በጆንያ ሰብስቦ መኪና ተሳፈረ። አልተሳደበም፤ ምነው እንኳ አላለም። ደብረ ኤልያስ ገብቶ የራሱን እንጨት ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ጋሽ ደምለው ሽማግሌ ልከዋል፤ ደጋግመው ልከዋል። የአካለ ወልድ መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፦ "በእንጨት የተጻፈ በአፍ አይፋቅም።" ሄደው ስሙን ጉበኑ ላይ እንዳይጨምሩ ደግሞ በሩ የለም። መንገዱ ሲሰፋ የአጎቴ ቤት ፈረሰ፤ በሩን የገዛው ሰው ወዴት እንደወሰደው የሚያውቅ የለም።

"በአደባባይ የተወሰደ ስም በአደባባይ ነው የሚመለስ" አሉኝ ጋሽ ደምለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንጨቱ የለም። አደባባዩም ዛሬ እናንተ ስልክ ውስጥ ገብቷል አሉ። ሁለታችንም ሸምግለናል፤ ሳልመልስለት ብሞት ምን እለዋለሁ?"

"ያኔስ ለምን የእርስዎን ስም ብቻ ጻፉ?"

"አጎትሽ ሰው ሰብስቦ አመሰገነኝ። ጠጅ ሳልቀምስ ሰከርሁ።"

አንጀቴን በሉት። እንዳያውቁብኝ ግን ወዲያው ወደ ሥራው ገባሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ነው ያቀረብሁላቸው። ፌስቡክ ላይ እንጻፈውና ዛሬውኑ እንገላገል አልሁ። ስልኬን ተቀብለው የሰው ጽሑፍ ሲወርድ ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት።

"የዛሬ ወር የጻፉት የት አለ?"

"ወደ ታች ወርዷል እንጂ አልጠፋም።"

"ታች የወረደውን ማን ይቆፍረዋል?"

እሺ፣ የራስዎ ቤት ይሁን ብዬ በነፃ ከሚገኙት ዝግጁ መሥሪያዎች አንዱን ከፈትሁ። ሥዕል ትጎትታለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ቀለም ትመርጣለህ፤ አለቀ። ቆንጆ ገጽ በአንድ ተቀምጦ ሠራሁላቸው። ደስ ብሏቸው ሲያዩ ቆዩና አድራሻው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይኼ ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው የማን ስም ነው?"

"የድርጅቱ ነው። በነፃ ስለሚሰጡን ስማቸውን ያስገባሉ።"

ጋሽ ደምለው ሳቁ። "ተይ አንች ልጅ። በስም የተጣላሁትን ሰው የሌላ ሰው ስም ተሸክሜ ልታረቀው ነው?"

የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ ያን ገጽ አጠፋሁት። ከዚያ የሚከፈልበትን ዝግጁ መሥሪያ አሳየኋቸው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ራሱ ራስ ምታት ነው፤ እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ልውጣ ብል ዕቃየን ይዤ ነው ወይ የምወጣ አሉኝ። ጽሑፉንና ፎቶውን ይይዛሉ፣ ቤቱ ግን የእነሱ ነው አልኋቸው።

"እንግዲያ ኪራይ ነዋ።"

"ሁሉም ኪራይ ነው ጋሽ ደምለው። የአድራሻው ስም ሳይቀር በየዓመቱ ይታደሳል።"

"ስምም ይከራያል?" አሉ ደንግጠው። ካደሱት ማንም አይነካብዎትም፣ ካላደሱት ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል ብዬ አስረዳኋቸው። ወዲያው "እድር ነው በይኛ። ካልከፈልሁ እሰረዛለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ አድራሻ ዳግመኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እኔ በልቤ የቆረጥሁት ዎርድፕረስ የሚባለውን ድረ ገጽ መሥሪያ ነበር። ለደንበኞቼ ሁሉ በእሱ ነው የምሠራ፤ እጄ ለምዶታል። ጥሩ አድርገው ሰሙኝ፤ ራሳቸው ገብተው መጻፍ እንደሚችሉ ሳሳያቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አለቀልን ብዬ እጄን ሳሻሽ ከወንበሩ ተነሥተው በሩ ጋ ደረሱና ዞር አሉ።

"በበዓል ይዘጋል አይዶል?"

"ምኑ?"

"ገጹ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። "ድረ ገጽ እኮ አይዘጋም። ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። ኮምፒውተር አይደክመውም።"

"ወፍጮውስ ይደክመዋል? በበዓል ግን ይዘጋል። በስሜ የተከፈተ ነገር በሚካኤል ቀን ሥራ ላይ ውሎ እኔ ቤተ ክርስቲያን ምን ብየ ልቁም?"

"ማን ያይብዎታል?"

"አንች ዓርብ ቀትር ላይ የምትዘጊ ሰው እንዳያይብሽ ነው?"

እዚህ ላይ ተረታሁ። ከዚያ የትኞቹ በዓሎች እንደሚዘጉ ድርድር ጀመርን፤ ሽማግሌ እንደተቀመጠበት የመሬት ክርክር ረዘመ። እሑድ ያለ ጥያቄ አለፈ። ሚካኤልን፣ ማርያምንና በዓለ ወልድን ሰጠኋቸው። ዓመታዊ በዓላትንም ሰጠሁ። አቦን ሲጨምሩ እሺ አልሁ፤ ጊዮርጊስን ሲያነሡ ተቃወምሁ፤ ቅዳሜን ሲያመጡ ኮምፒውተሬን ዘጋሁት። ቅዳሜን ተዉልኝ። ጊዮርጊስን ግን አልተዉም፤ በስሙ ማኅበር የሚጠጡለት ሰማዕት መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ።

ችግሩ ዝግጁዎቹ መሣሪያዎች የሚያውቁት የፈረንጁን ወር ብቻ መሆኑ ነው። ሚካኤል በእኛ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ነው፤ በእነሱ አንዱን ወር ሃያ ሁለት፣ ሌላውን ወር ሃያ አንድ እያለ ቦታ ይቀያይራል። በለመድሁት መሣሪያ ላይ ይህን ልለጥፍ ስታገል ሰነበትሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አንዱን በዓል ሳስተካክል ሌላው ይከፈትብኛል። በመጨረሻ ተናደድሁና ሁሉንም ጥዬ ከመሠረቱ በእጄ ልጽፈው ተነሣሁ። ጥቂት ቀላል ገጾች፣ ከፊታቸው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ቀኑን እያየች በሩን የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ፕሮግራም። እንዳፈርሁ ልናገር፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት ይኸው ነው። ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ቀበሌ ሁሉ ይከፈታል።

የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ጋሽ ደምለው አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተን እንጨት ቤታቸው እናስቀምጠው አሉ፤ ቁልፉ በእጃቸው እንዲሆን ነው። መብራት ሲጠፋ ገጹም እንደሚጠፋ ነገርኋቸው። "ያን ቀን በዓል ነው እንላለን" አሉ። የመጋዙ ብናኝ ኮምፒውተሩን በወሩ እንደሚገድለው ሳስረዳቸው ነው የተዉት። ውጭ አገር ያለውን ቦታ ደግሞ ሲሰሙ ገና አልወደዱትም፤ ሲበላሽ ማንን በምን ቋንቋ እንደምንጠይቅ አልገባቸውም። ስለዚህ ቦታ ለሚያከራዩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ስልክ እንድደውል አዘዙኝ። አጠገቤ ተቀምጠው ጥያቄውን ሹክ ይሉኛል፤ ቁልፉን ከእኛ ሌላ ማን ይይዛል፣ ልንወጣ ብንል ዕቃችንን ይዘን እንወጣለን ወይ። አንደኛው ድርጅት ቶሎ ስልኩን አነሣ፤ ሴትዮዋም ጥያቄውን ሳትስቅ መለሰች። "እዚያ ይሁን፤ የምታዳምጥ ናት" አሉ ጋሽ ደምለው። እኔ የሰርቨሮቻቸውን ፍጥነት ላወዳድር ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም አላየልኝም።

ለአድራሻው የአካለ ወልድን ስም ብቻ ካልጻፍሽ አሉ። የእርስዎ ገጽ እኮ ነው ብዬ ተከራክሬ ሁለቱም ስም እንዲገባ አስማማኋቸው፤ የአካለ ወልድ ቀድሞ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ባቡር ረዘመ። ረዘመ እኮ ብላቸው "ሁለት ሰው ነን፤ ይርዘም" አሉኝ።

በፎቶው ላይ ግን እኔ አሸነፍሁ። በየአገሩ ያሉ በሮቻቸውን በስልክ ያነሡትን ሁሉ፣ የእንጨቱ ጅማት እንዲታይ በሙሉ መጠኑ ካልጫንሽ አሉ። እሺ ብዬ በሙሉ መጠኑ ጫንሁና ከስልክዎ ይክፈቱት አልኋቸው። ከፈቱ። ጠበቁ። ሄደው ኮላ አሙቀው ተመለሱ፤ ገና የመጀመሪያው በር ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የታየው። "አሳንሺው" አሉኝና ስለ ጅማት ዳግመኛ አላነሡም።

የዋናውን ገጽ ጽሑፍ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉኝ፤ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። "ጉንደ ወይን የነበረውን የአቶ አብዱልቃኒን በር አካለ ወልድና እኔ አብረን ሠራነው። ግራው ክንፍ የእሱ ነው፤ ግራው ይበልጣል። ጉበኑ ላይ ያለው ስም ጎዶሎ ነው፤ ያጎደልሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።" እየተየብሁ ቀና አላልሁም። ስጨርስ "ግራው ይበልጣል የሚለው ይቆይ?" አልኋቸው።

"አትንኪው። እውነት ነው።"

በበዓል ቀን ለሚመጣ ሰው ምን እናሳየው ስላቸው የተዘጋ በር ይታይ አሉ። ከጉንደ ወይኑ በር የተረፈው ፎቶ አጎቴ በዒድ ቀን ቤተ ሰቡን ሰብስቦ በሩ ፊት ያስነሣው ነው። ዘመዶቼን ሁሉ ቆርጬ አወጣሁና በሩን ብቻ አስቀረሁ፤ ከነሐረጉ፣ ከነጉበኑ። ከሥሩ "ዛሬ በዓል ነው፤ ነገ ይምጡ" የሚል ጽፌ ደብረ ማርቆስ ያለውን አድራሻችንን ጨመርሁ። ጥቅምት ሲጋመስ ገጹ ተከፈተ። የደብረ ኤልያስ ልጆች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ላይ አድራሻውን ለጠፍሁት፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ ሥራችን።

ጋሽ ደምለው በየጠዋቱ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያደርጋሉ። "መጣ?" ማለታቸው ነው። እኔም በመዳፌ አንዴ እመታለሁ፤ አልመጣም ነው።

አንድ ሰኞ ጎብኚ የሚቆጥረውን ሰነድ ስከፍት ደሜ ፈላ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው የለም ማለት ይቀላል። እሑድና ሚካኤል ግን ሰው እንደ ገበያ ጎርፏል፤ የጎረፈውም ሁሉ የተዘጋ በር አይቶ ተመልሷል። ግድግዳው አልበቃኝም፤ ዞሬ እንጨት ቤታቸው ገባሁ።

"ጋሽ ደምለው፣ ሰው ስልኩን የሚያየው በበዓል ነው! በሥራ ቀን ሁሉም ማሳው ላይ፣ ገበያው ላይ ነው። እኛ የዘጋነው ሰው የሚመጣበትን ቀን ለይተን ነው።"

"እኔም ቅዳሴ ባላስቀድስ በበዓል ብዙ ሰው አገኝ ነበር" አሉና መላጋቸውን ቀጠሉ።

ለመንሁ፤ አባበልሁ፤ ቢያንስ ያቺን የይቅርታ ጽሑፍ ብቻ ክፍት እናድርጋት አልሁ። አንዱን ክንፍ ከፍቶ ዘጋሁ አይባልም አሉኝ። ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር። ማታ ማታ ሲሄዱ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆም እያሉ ማለፍ ጀመሩ።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። እንጨት ቤቱ ተዘግቷል፤ ጋሽ ደምለው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እኔ ሱቄ ውስጥ የተሰበረ ስልክ ፈትቻለሁ። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አጠር ያሉ ሽማግሌ ደጃፌ ላይ ቆሙ። በግራ እጃቸው በሬን ከፍተው ዘጉ። ደግመው ከፍተው ዘጉ።

"አዝምሟል" አሉ።

ብሎን ከእጄ አመለጠኝ። "ጋሽ አካለ ወልድ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።"

"ማን ነገረሽ?"

"በሩ።"

አልተቀመጡም። "ደምለው የት ነው? ልጀ ፀደንያ ቆላ ወርዳ ነው የምታስተምር፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። የእኔ ስልክ የቁልፍ ነው። እሑድ እሑድ ስትመጣ ከቅዳሴ መልስ ታሳየኛለች። በየእሑዱ ያንኑ በር አያለሁ። በየእሑዱ ከላይ ያንኑ ስም አነባለሁ፤ 'ደምለው ሠራው'። ጉንደ ወይን ያነበበው አልበቃ ብሎ አሁን ዓለም እንዲያነበው ነው?"

 እውነታቸውን ነው። ይቅርታው ያለው ከውስጥ ነው፤ እሳቸው ያዩት ሁሉ በሩንና ጉበኑን ብቻ ነው። "ውስጡን አላዩትም ጋሽ አካለ ወልድ! በውስጥ ያለው ሌላ ነው። ይቆዩኝ፣ አሁኑኑ ልክፈተው" ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ ዞርሁ። የዘጋሁት እኔ ስለሆንሁ መክፈቱ ለእኔ የአፍታ ሥራ ነው።

"ፋኢዛ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

ጋሽ ደምለው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። 

"ልከፍተው ነው" አልሁ። "ያንብቡትና ይለይልን!"

"ዛሬ ማን ናት?"

"ጽዮን ናት። እና ሰውየው እንዲሁ ይሂዱ?"

 መልሱን የሰጡኝ ጋሽ አካለ ወልድ ናቸው።

"እውነቱን ነው። በጽዮን ቀን አይከፈትም።"

ሁለቱም በአንድ ዓይን አዩኝ። ስንት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው የመጀመሪያ ስምምነታቸው እኔ ላይ ሆነ።

"ልጣላህ ነበር የመጣሁ" አሉ ጋሽ አካለ ወልድ ወደ ጓደኛቸው ዞረው። "ግን በእሷ ቀን አልጣላም። ነገ ነው የምጣላህ።"

"እንግዲያ እደር።"

"የት?"

"እቤት ነዋ። ነገ እንድትጣላኝ።"

ጋሽ አካለ ወልድ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወጡ፤ ጋሽ ደምለው ተከተሉ። ሁለት ሽማግሌ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ራቅ ብለው፣ የመናኸሪያውን መንገድ ይዘው ሄዱ። እኔ በግማሽ የተፈታ ስልክ ይዤ ቀረሁ። ለሁለቱም ዱዓ አደረግሁ፤ በመሐሉ ደግሞ ሁለቱንም ረገምሁ።

በማግስቱ ከወትሮው ቀድሜ ሱቄን ከፈትሁ። ገጹ በሰዓቱ ተከፍቷል፤ ፕሮግራሜ አላሳፈረኝም። ከግድግዳው ወዲያ መጋዝ ይሰማል። ጆሮዬን ለጠፍሁ። አንድ መጋዝ አይደለም፤ ሁለት ነው። በመሐሉ ክርክር አለ፤ ስለ ማጠፊያ ነው። አንዱ ሦስት ይበቃል ይላል፣ ሌላው ለከባድ በር አራት ካልሆነ ይላል። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን የመታሁት እኔ ነኝ።

መጡ። የእንጨት ብናኝ ሁለቱም ቅንድብ ላይ አለ። ሌሊቱን ምን ተባባላችሁ ብዬ ብጠይቅ በበዓል የጠብ ነገር አይነሣም አሉኝ፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዋንዛ መወደድ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ ነው ያነጉት። ስለ በሩ ግን አንዲት ቃል አልተነሣም። ስለዚህ ጋሽ አካለ ወልድ ኮምፒውተሬ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚያነቡ አያውቁም ነበር።

ፊደሉ ብዥ አለባቸው። ጋሽ ደምለው መነጽራቸውን አውልቀው ሰጧቸውና ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ጀርባቸውን ነው የሚያሳዩን። ጋሽ አካለ ወልድ በለሆሳስ አነበቡ። "ግራው ይበልጣል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መልሰው አነበቡት፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረሱና መነጽሩን አወለቁ። በግራ መዳፋቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"አንተ ደምለው።"

"አቤት።"

"ግራው እንደሚበልጥማ ያኔም አውቀው ነበር።"

ጋሽ ደምለው ሲዞሩ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ተቃቀፉ። እኔም አለቀስሁ፤ የመጋዙ ብናኝ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ሲረጋጉ ጋሽ አካለ ወልድ አንድ ጉድለት አለው አሉ። "ይህ በሥራ ቀን የሚነበብ ነው። የሚሠራ ሰው ደግሞ በሥራ ቀን ስልክ አያይም። በበዓሉ በር ሥርም ጻፊው።" ጋሽ ደምለውን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ስንት ቀን የለመንኋቸው ነገር ነው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "በዋዜማው ከተጻፈ ሥራ አይዶለም" ብለው ፈረዱ። ዛሬ በበዓል የሚመጣ ሰው በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ከሥሩ ግን ሁለቱንም ስም ያነባል። ብዙ ሰው የሚያየውም ያንኑ ገጽ ነው።

ጋሽ አካለ ወልድ ወደ ደብረ ኤልያስ ከመመለሳቸው በፊት ሁለቱ አንድ ሥራ አብረው ሠሩ። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አንድ ማለዳ ስመጣ ያዘመመው የቆርቆሮ በሬ ተነቅሎ በቦታው ባለ ሁለት ክንፍ የዋንዛ በር ቆሟል። ማጠፊያው አራት ነው። ሐረጉ ከግራም ከቀኝም መጥቶ መሐል ላይ ይገጥማል። ቀና ብዬ ጉበኑን አየሁ። "አካለ ወልድ" የሚለው ፊደል ቀጥ ያለ ነው፤ "ደምለው" የሚለው ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። አንዱ የሌላውን ስም ነው የቀረጹት።

እኔም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ማንም ባያየኝ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቼ እዘጋዋለሁ።